ለበዓሉ የሚሆን ራስ

ከመድረክ ጀርባ ሲይዙኝ መርፌው ገና በጥርሴ ነበር። «ትፋው!» አለኝ አንዱ ፖሊስ። ተፋሁት።

ወንጀሌ ሱፍ መስፋት ነው። ዩኒቨርሲቲ የቲያትር አልባሳት ንድፍ እማር ነበር። መምህራችን ዳዳ ስለሚባል የሥነ ጥበብ እንቅስቃሴ አስተምሮን ነበር፤ በጦርነት መሃል የተነሡ ሰዎች ናቸው፤ ሱፍና ከረባት ያሳመረው ሁሉ ዓለምን ካቃጠለ እኛ ካርቶን እንለብሳለን ብለው መድረክ ላይ ወጡ። ነገሩ ልቤ ውስጥ ገባ። ለእረፍት ጂንካ ስመለስ ከጓደኞቼ ጋር መሬቱን ስለተነጠቀ ከብት አርቢ አጭር ቲያትር አዘጋጀን፤ ባለሥልጣን ሆኖ የሚጫወተውን ልጅ ከማዳበሪያ ከረጢት የሰፋሁትን ሱፍ ከነከረባቱ አለበስኩት። አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ባለሥልጣናቱ የተቀመጡበት የፊተኛው ረድፍ ግን አልሳቀም።

የጣቢያው ክፍል በሽንትና በላብ ታፍኗል። ጥግ ላይ አንድ የሐመር ሽማግሌ ተቀምጧል፤ የግጦሽ መሬቴን አልለቅም ብሎ የታሰረ። ራሱ በምላጭ ተላጭቶ እዚህም እዚያም ደምቷል። አውሬ ወይም ጠላት የገደለ ወንድ ብቻ ፀጉሩ ላይ የሚያደርገውን፣ ላባ የሚሰካበትን የጭቃ ቆብ በዚያው ጠዋት አጥበው አንሥተውበታል።

«ለምን ላጩህ፣ አባቴ?» አልኩት።

«ቅማል አለ አሉ» አለኝ። «ውሸት።»

ከሰዓት በኋላ ጋደም አለ። ያንን ጭቃ የሚያደርግ ወንድ ራሱን መሬት አያስነካም፤ ቦርኮቶ በምትባል ትንሽ የእንጨት በርጩማ ላይ ያሳርፈዋል። ቦርኮቶውን «መማቻ ነው» ብለው ወስደውበታል። እና የተላጨ ራሱን በመዳፉ ደግፎ፣ ክንዱ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ከሲሚንቶው በላይ ይዞ ያንቀላፋል። ጭቃው እኮ የለም! ይህን ባሰብኩ ቁጥር እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል።

በሦስተኛው ቀን የጣቢያው ኃላፊ ጆንያ ይዞ ፈገግ እያለ ገባ።

«ስማ አንተ ልጅ፣ ባለሙያ ነህ አሉ። የባህል በዓል ደርሷል፤ የከተማው ወጣቶች የሐመር ጭፈራ ያቀርባሉ። ኮስቲዩም ሥራልንና ፋይልህን እንዘጋዋለን። ትምህርትህ አያምልጥህ።»

ምዝገባው ሊያልቅ ጥቂት ቀን ነው የቀረው። ካለፈኝ ዓመቱ ሄደ ማለት ነው፤ እናቴም ምሳ ባመጣች ቁጥር በሩ ላይ ታለቅሳለች። ጆንያውን ዘረገፍኩት። የፍየል ቆዳ፣ ጨሌ፣ የሰጎን ላባ፣ ጄሶ። ከሥር ደግሞ ቦርኮቶ።

ሽማግሌው ከጥጉ ተነሣ። «የኔ» አለ።

«ጄሶው ለምንድን ነው?» አልኩት ኃላፊውን። ገብቶኛል፤ ከአፉ መስማት ፈልጌ ነው።

«ለዚያ ለጭቃ ቆባቸው ነዋ! መድረክ ላይ ያምራል። አሠራሩን እሱን ጠይቀው፤ እዚሁ አይደል እንዴ?»

ወይ ጉድ! ዓይን አውጣ!

«የሱን ራስ አጥባችሁ ለመድረክ ሌላ ራስ ልሥራላችሁ?» አልኩት። ተናድጄም ፈርቼም ነበር።

«አፍህን ሰብስብ!»

ቆዳውን፣ ጨሌውን፣ ላባውን፣ ጄሶውን መልሼ ጆንያው ውስጥ ከተትኩ። ቦርኮቶውን በሁለት እጄ ለሽማግሌው ሰጠሁት።

«እሱንም አምጣ» አለ ኃላፊው።

«እሱ ኮስቲዩም አይደለም። የሰውዬው ነው።»

ሽማግሌው ቦርኮቶውን መሬት አስቀምጦ ቁጭ አለበት። ኃላፊው አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየ።

«እንግዲያው እዚሁ ብስበስ!» ብሎኝ ጆንያውን እየጎተተ ወጣ። በሩ ተጠረቀመ።

የበዓሉ ቀን የድምፅ ማጉያው እስከ ክፍላችን ይሰማ ነበር። አስተዋዋቂው «ውብ ባህላችን!» እያለ ይጮኻል።

«ማነው የሚጨፍር?» አለኝ ሽማግሌው።

«የከተማ ልጆች።»

«ሐመር ናቸው?»

«አይደሉም።»

ሳቀ። ከገባሁ ጀምሮ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ከዚያ ራሱን ቦርኮቶው ላይ አሳረፈ፤ ክንዱን ዘርግቶ፣ ያ ሁሉ ጩኸት እያለ እንቅልፍ ወሰደው።

ምዝገባው ካለፈ በኋላ ለቀቁኝ፤ ዓመቱ አመለጠኝ። እሱን ወደ ሌላ እስር ቤት ወሰዱት፤ ቦርኮቶውን በብብቱ ይዞ ሲወጣ አየሁት፤ ከዚያ ወዲህ የት እንደደረሰ አላውቅም። እኔ ዛሬ የአልባሳት ንድፍ አስተምራለሁ። ጊዜ ቁጣን ያበርዳል የሚሉኝ አሉ። የኔ አልበረደም። ተማሪዎቼ የሐመር ወንድ ራስ ከነጭቃው፣ ከነላባው አሳምረው ሥለው ሲያመጡልኝ መጀመሪያ የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፦ «ባለቤቱ የት ነው?»

አንዳንዶቹ ለፈተና የሚመጣ መስሏቸው ይጽፉታል። ይጻፉት።