በጥምጥም ውስጥ ያደረ ፊልም

የእስር ቤቱ ቆርቆሮ በር ከኋላዬ ሲዘጋ ልቤ ድው ድው ይል የነበረው በፍርሃት አልነበረም። መናገሩ ያሳፍረኛል፣ ግን በደስታ ነበር። የዚያን ጠዋት ዓይነት ፎቶ በሕይወቴ አንስቼ አላውቅም።

በዚያ የረሃብ ዓመት ቆቦ ከተማ ትንሽ ፎቶ ቤት ነበረችኝ። እንጀራዬ ሙሽራና ጉርድ ፎቶ ነው። ያን ቀን ግን ካሜራዬን አንግቤ ወደ ሮቢት በሚወስደው መንገድ ወጣሁ። የተራቡ ሰዎች መንገዱ ዳር ተኮልኩለዋል። ካሜራውን ሳነሳ አንዲት እናት «ቆየኝማ» አለችኝ። የልጇን ፊት በምራቋ ጠረገች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ቀና አለች። ስንቱን ሙሽራ «ቀና በል» እያልኩ ስለምን የኖርኩ ሰው፣ እሷን ሳልለምን አነሳኋት።

ፊልሙ እንዳለቀ አውጥቼ ካልሲዬ ውስጥ ሸጎጥኩና ካሜራውን አዲስ አጎረስኩት። የሠርግ ልማዴ ነው፤ ሙሽራ ፊልም እስክትቀይር አይጠብቅህም። ፖሊሶቹ የደረሱት ያኔ ነው። «አገር ልታሰድብ!» ብለው ያዙኝ። አለቃቸው አዲሱን ፊልም መዝዞ ፀሐይ ላይ ዘረጋው። ሳቄን ዋጥ አደረግኩ።

ክፍሉ ውስጥ አንድ ባለ ጥምጥም ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ሰው አለቀ ብለው ለሹም አቤት በማለታቸው ታስረው፣ በማግስቱ ሊፈቱ ነበር።

«ምን ያስፈነድቅሃል፣ ልጄ?»

በሹክሹክታ ነገርኳቸው።

«ፊታችን ይታያል?»

«ፊልም የማጥብበት ጨለማ ክፍሌ ከደረሰ ይታያል፣ አባባ። ከዚያ በፊት ብርሃን ካየ ግን ጠፋ።»

ወዲያው አለቃው ከውጭ ሲጮህ ሰማሁ። «ሁለት ባዶ ካርቶን፣ አንድ ፊልም? ሌላው የታለ?» የፊልም ካርቶን መጣል አልወድም፤ ሁለቱም ቦርሳዬ ውስጥ ነበሩ። በገዛ እጄ ጉድ ሆንኩ።

ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉ። «አብሽር። ወዲህ በለው።» ፊልሙ ጥምጥማቸው እጥፋት ውስጥ ገባ።

አለቃው ገብቶ ጫማዬን፣ ካልሲዬን፣ የኮቴን ገበር ሳይቀር በረበረ። ከዚያ ወደ እሳቸው ዞረ።

«አባባ፣ ጥምጥምዎን ይፍቱት።»

ከተቀመጡበት ንቅንቅ አላሉም። «እኔ ጥምጥሜን የምፈታው ለሶላት ውዱእ ስታጠብ ነው፣ ልጄ። ውሃ አምጣልኝና እፈታለሁ።»

ጥግ ላይ ያለው እንስራ ከደረቀ ሁለት ቀኑ ነው። አለቃው የዚያው የራያ ልጅ ነበር። እንስራውን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ሽማግሌው። «ድርቁ አንድ ቀን እንኳ ለእኛ ዋለ።» አፌን በመዳፌ አፍኜ ሳቅኩ።

ከሳምንታት በኋላ ስፈታ፣ ከሽማግሌው ጋር እንደተቃጠርነው ፊልሙን ጎብዬ ከተማ ከአንድ ነጋዴ ዘንድ አገኘሁት። ከጥምጥማቸው በተቀደደ ጨርቅ ተጠቅልሏል። ሳጥበው ያቺ እናት ከመድኃኒቱ ውስጥ ቀና ብላ ወጣች። ጨለማ ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን እልል አልኩ። ፎቶውን ረሃቡን ለአገር ለማሳወቅ ለሚሯሯጡ ተማሪዎች ሰጠኋቸው፤ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ።

ዝናብ በተመለሰ ዓመት ሽማግሌው ፎቶ ቤቴ በር ላይ ቆሙ። «አሁንስ ውሃ አለህ?» አሉኝ። ሮጬ በማሰሮ ሙሉ አመጣሁላቸው። ጥምጥማቸውን ፈተው ውዱእ አደረጉ፣ መልሰው ጠመጠሙና ካሜራዬ ፊት ተቀመጡ። «ቀና ይበሉ» ማለት አላስፈለገኝም።

ዛሬ አርጅቻለሁ፤ የሽማግሌው ፎቶ አሁንም ግድግዳዬ ላይ ነው። ደንበኞቼ «እኒህ ሰው አባትህ ናቸው?» ይሉኛል።

«የለም» እላለሁ፤ «ጨለማ ክፍሌ ናቸው።»