ቴምብሩ ላይ ያሉት ሽማግሌ

ቅዳሜ ጠዋት... ሳን ሆዜ፣ የምሠራበት ማተሚያ ቤት ውስጥ ቆሜ ከአንድ ጺማም ሽማግሌ ጋር ተፋጠጥኩ። ሽማግሌው ቴምብር ላይ ናቸው።

ኦክላንድ ከተማ፣ ቴሜስካል ሰፈር የሚኖሩ እማማ ሸዋዬ የሚባሉ እናት አሉ። አሜሪካ ስመጣ መጀመሪያ ያረፍኩት እሳቸው ቤት ስለሆነ ሲያዙኝ እምቢ ማለት አልችልም። የልጅ ልጃቸው ሊዲያ የነርስነት ፈተና ሁለቴ ወድቃ ሦስተኛው ላይ አለፈች። እማማ ለአቡዬ ተስለው ኖሯል። ስለታቸው ደግሞ ግድግዳቸው ላይ ከእመቤታችን ሥዕል ሥር ያለችውን ትንሽዬ የአቡዬ ሥዕል በትልቁ አሳትመው ለቤተ ክርስቲያን ማስገባት ነው።

ሥዕሏ ቴምብር ናት። ቀልዴን አይደለም፣ በክፈፍ የገባች ቴምብር።

«ወንድሜ በደርግ ጊዜ ሩሲያ ለትምህርት ሄዶ የላከልኝ ደብዳቤ ላይ የነበረች ናት» አሉኝ፣ በነጠላ ጠቅልለው ሲሰጡኝ። «እግዜር የለም በሚባልበት አገር ተቀምጦ፣ ማንም ሳይነቃበት አቡዬን ፖስታው ላይ ለጥፎ ላከልኝ። ብልህ ነበር... ነፍሱን ይማረው።»

«አንበሶቹስ እማማ?» አልኩ። አቡዬን ያለ አንበሳና ነብር አይቼ አላውቅማ።

«እዚህች ላይ የት ይግቡ ብለህ ነው?»

ይሄም እውነት ነው ብዬ ተቀብዬ ሄድኩ።

እናላችሁ ቅዳሜ ስካን ላደርጋት ከክፈፏ ሳወጣት፣ ጠርዟ ላይ ተሸፍኖ የኖረ የሩሲያ ጽሑፍ ብቅ አለ። ሽማግሌው ደግሞ ወገባቸው ላይ በቀበቶ የታሰረ ሸሚዝ ለብሰዋል። አቡዬ እኮ ከፀጉራቸው በቀር ልብስ አልነበራቸውም! ስልኬን አስጠግቼ ፎቶውን ሰርች አደረግኩት።

ደራሲ! በዓለም የታወቀ የሩሲያ ደራሲ... ሥራዬን ትቼ ማንበብ ጀመርኩ። ለልደቱ መታሰቢያ ቴምብር፣ ለሞቱ መታሰቢያ ቴምብር፣ ሲጽፍ፣ ሲያርስ፣ ሌሎች አገሮች ሳይቀሩ አትመውታል። ስገረም ስገረም አንድ መስመር ላይ ስደርስ ላብ አጠመቀኝ። ሰውየው ከገዛ ቤተ ክርስቲያኑ ጋር ተጣልቶ የተወገዘ ነው።

በማግስቱ እሁድ እኮ እማማ በሕዝብ ፊት፣ በእልልታ፣ ይዘውት ሊገቡ ነው!

መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ፈሪ እንደሆንኩ ያሳብቃል። እውነተኛውን የአቡዬ ሥዕል አትሜ «ሲተልቅ አንበሶቹም ታዩ» ልላቸው ነበር። አላስቻለኝም። እኚህን ሴትዮ እንዴት እዋሻለሁ? ቴምብሯንም ያተምኩትን የአቡዬን ሥዕልም ይዤ በ880 አውራ ጎዳና ወደ ኦክላንድ ነዳሁ።

ነገርኳቸው። ሊዲያ ሶፋው ላይ ሆና «ኦ ማይ ጋድ» ብላ አፏን ያዘች። እማማ ቴምብሯን መዳፋቸው ላይ አድርገው አገላበጧትና...

«ታዲያ ወንድሜ አቡዬን አልላከልኝም?»

«ደብዳቤውን ልኮልዎታል እማማ። ቴምብሩ ግን... ፖስታ ቤት የሰጡትን ነው የለጠፈው።»

ዓይናቸው እንባ ሞላ። ራሴን ጠላሁት። ምናለበት አፌን ብዘጋ!

ሊዲያ «ሶ... ሁ ሄልፕድ ሚ ፓስ?» አለች፣ ታዲያ ማን ነው ፈተናውን ያሳለፈኝ ለማለት።

«አቡዬ ናቸዋ!» አሉ እማማ ወዲያው ቀና ብለው። «ስጠራ የኖርኩት እሳቸውን አይደል እንዴ? መልኩ ነው የተሳሳተው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አርባ ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ስስመው የኖርኩት ሰው ግን... ምን ዓይነት ሰው ነበር?»

ስልኬን አውጥቼ አነበብኩላቸው። ከሀብታም ቤት መወለዱን፣ ለገበሬ ልጆች ትምህርት ቤት መክፈቱን፣ ሲያረጅ ሥጋ መብላት መተዉን።

«ይጾም ነበር በለኛ!»

«ጾም እንኳን አይደለም እማማ...»

«ዓመቱን ሙሉ ሥጋ ካልበላ ምንድነው ታዲያ?» አሉና አንገታቸውን ነቀነቁ። «እንዴት ሞተ?»

«በስተርጅና አንድ ቀን ከቤቱ ወጥቶ ሄደ። መንገድ ላይ ታሞ አንድ ባቡር ጣቢያ አረፈ።»

«ፍትሐትስ?»

«ተወግዞ ስለነበር ያለ ቄስ ነው የተቀበረው።»

እማማ ደረታቸውን መቱ። «ምስኪን! ያን ሁሉ ቴምብር ሲያትሙለት አንድ ፍትሐት ያጣል?»

እሁድ ስለቱ ገባ። አቡዬ ከነአንበሶቻቸው፣ ከነነብሮቻቸው፣ በእልልታ ገቡ። እኔም ከኋላ ሆኜ ተነፈስኩ።

ከቅዳሴ በኋላ ቤታቸው ስንሄድ ቴምብሯን ግድግዳው ላይ ፈለግኳት። ከቅዱሳኑ ወርዳ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ካለው የወንድማቸው ፎቶ ጎን ተቀምጣለች። እማማ በእጃቸው ጠሩኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው...

«አንተ ልጅ፣ የዚህን ሰውዬ ክርስትና ስም ሰርች አድርግልኝ። ቄሶቹ እምቢ ካሉ እኔ እዚሁ ቤቴ ከወንድሜ ጋር ስሙን እጠራለታለሁ።»

እየፈለግኩ ነው። አርባ ዓመት የእማማን ጸሎት ሲሰማ የኖረ ሰው... አሁን የሚጸለይለት እሱ ሆነ።