ገርጂ የተፈታው የበረዶ እንቆቅልሽ

ከጠዋቱ 12፡00፣ ቦሌ ሚካኤል

ጎሕ ሲቀድ የተማሪዎቼን ግራፎች ጠቅልዬ ወጣሁ። ግራ ገብቶኛል። የኬንያ ተራራን የበረዶ ግግር የድሮ ልኬቶች በነጥብ አስፍረው፣ መስመሩን በማስረዘም የወደፊቱን እንዲተነብዩ አስተምሬአቸው ነበር። ክፍሉ በሙሉ ከሰሌዳ በገለበጠው ሠንጠረዤ መሠረት በረዶው ሸሽቶ ሸሽቶ ተመልሶ ያድጋል አለ። ጫልቱ ብቻ ያልቃል አለች። ቁጥር ፈጥረሻል ብዬ በሁሉም ፊት ዜሮ ሰጠኋት። ይኸው ትምህርት ቤት ካየኋት ሦስት ቀን ሆነኝ፤ ገርጂ ቤቷ ድረስ ልፈልጋት ነው። እኔም ግራፎቹን ባየሁ ቁጥር፣ ይህ በረዶ ተመልሶ የሚያድገው በምን ተአምር ነው እላለሁ።

1፡00፣ ቦሌ መድኃኔዓለም

ውይይት ታክሲ ውስጥ ፊት ለፊት ተፋጥጠን ተቀምጠናል። የቀበሌው ሱቅ የስኳር ሰልፍ ከአሁኑ ጥግ ዞሯል። ስወርድ ሾፌሩ የጠቀለልኩት ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። የበረዶ ነገር ነው አልኩት።

"ስኳር ቢሆን ይሻልዎት ነበር" አለና ሄደ።

2፡20፣ ገርጂ

ከዚህ ወዲያ የጤፍ ማሳና ያለወቅቱ የጣለ ዝናብ ጭቃ ነው። ሁለት ጊዜ መንገድ ስቼ፣ ጫማዬ ሁለት ኪሎ ጭቃ ተሸክሞ ደረስኩ። አባቷ ኦቦ ቶሎሳ እርጎ አቀረቡልኝ፤ ልጅቷ ግን አጨዳ ልታግዝ ትምህርቷን እንደተወች ነገሩኝ። ደነገጥኩ። ጫልቱ ደብተሯን አምጥታ ዘረጋችው። የድሮዎቹን ልኬቶች ከፈረንጅ መጽሐፍ፣ አዲሶቹን ከአማርኛ መጽሔት እንደወሰድኩ ታውቃለች፤ ቤተ መጻሕፍት ሄዳ ሁለቱንም አይታለች።

"ቲቸር፣ ከፈረንጁ ዓመት ላይ ስምንት መቀነስዎ ልክ ነው፤ የመጽሔቱ ዓመት ግን መጀመሪያውኑ በእኛ አቆጣጠር ነው። እርስዎ ከሱም ላይ ስምንት ቀነሱለት።"

አየሁት። ትንንሾቹ አዲስ ልኬቶች ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄደው ከድሮዎቹ መካከል ተሰግስገዋል፤ መጨረሻ ላይ የቀረው ትልቁ የድሮ ልኬት ነው። ያንን በረዶ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። አፈርኩ። ለምን እንዳልነገረችኝ ጠየቅኋት።

"እጄን ሳወጣ ተቀመጪ አሉኝ።"

ይቅርታ ጠየቅኋት። ኦቦ ቶሎሳ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ስድቡ በሰው ፊት፣ ዕርቁ በጓሮ ነው?" አሉ።

4፡40፣ ክፍል ውስጥ

አባትየው ሊሰሙ አብረውን መጥተው በሩ ላይ ቆመዋል። ስሕተቱ የእኔ መሆኑን ለክፍሉ ተናገርኩ፤ ጠመኔውንም ለጫልቱ ሰጠኋት። ነጥቦቹን በየቦታቸው መልሳ መስመሩን ወደ ታች አወረደችው። ኦቦ ቶሎሳ ከኋላ ባዶውን የቀረውን ወንበሯን በከዘራቸው አሳዩዋት፤ ሄዳ ተቀመጠች።

አንዱ ተማሪ እጁን አወጣ። ተቀመጥ ልል አፌን ከፈትኩና ተውኩት።

"እሺ፣ ተናገር" አልኩት።