ጎኗ የተጨፈለቀ ዋንጫ

ሴኒያ በቦስኒያ በአንዲት የተራራ ሥር ከተማ ሙዚየም ውስጥ የደረቁ ዕፅዋትን ስትለይና ስትመድብ ነው የምትውለው። በጦርነቱ ጊዜ ታናሽ ወንድሟን ኔጃድን ታጣቂዎች ከአራት ሰዎች ጋር በመኪና ጭነው በተራራው መንገድ ወሰዱት፤ በዚያው ቀረ። አባቷ መንገድ መንገዱን ሲያይ ኖሮ ከአምስት ዓመት በፊት አረፈ። እናቷ ሃይራ ግን እስካሁን እርሟን አላወጣችም። ሬሳ ሳታይ ምኑን ታውጣው?

አንድ ጠዋት ሴኒያ የድሮውን ስብስብ ስትፈትሽ አንድ ወረቀት ላይ ዓይኗ ቀረ። የተለጠፈባት ጉበት የምትመስል፣ እርጥብ መሬት ላይ ተነጥፋ የምትበቅል፣ ማንም ዞር ብሎ የማያያት ቅጠል ናት። ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ ጦርነቱ ባበቃ በሁለተኛው ዓመት፣ ኢብሮ የተባሉ ደን ጠባቂ ከተራራው ጫካ በጋዜጣ ጠቅልለው ያመጡላት ነበረች። ሴኒያ ያኔ ለሥራው አዲስ ነበረች፤ «ጨረቃ ዋንጫ» ብላ መዘገበቻት።

ይህች ቅጠል የምትመስላት አንዲት ዘመድ አለቻት፤ ሁለቱ የሚለዩት ጀርባቸው ላይ ባለችው ትንሽ ዋንጫ ነው። የአንደኛዋ ግማሽ ጨረቃ ናት፤ የምትወደውም የቆላ ጓሮ ነው። የሌላዋ ድፍን ክብ ናት፤ እሷ ደግሞ እሳት በበላው መሬት ላይ ቀድማ ትደርሳለች። ታዲያ የጓሮዋ ቅጠል ተራራ ላይ ምን ልትሠራ ትወጣለች? ሴኒያ በአጉሊ መነጽር አየቻት። ዋንጫዋ ክብ ነበረች። ያኔ ቶሎ እንድትደርቅላት ከባድ ድንጋይ ጭናባት፣ አንድ ጎኗ ተጨፍልቆ ነው ጨረቃ የመሰለቻት። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ ሴኒያ ያፈሰሰችው ግን የሚለቀም አልነበረም።

የዚያኑ ዕለት ኢብሮ ቤት ሄደች።

«አባባ ኢብሮ፣ ያ ቦታ ተቃጥሎ ነበር እንዴ?»

«አመድ በአመድ ነበር እንጂ። ቤት የለበት፣ እረኛ አይደርስበት፤ ማን እንዳነደደው ገርሞኝ ነበር።»

«ምነው ታዲያ ያኔ ሳይነግሩኝ?»

«የተማርሽው አንቺ ነሽ፣ ልጄ። የጓሮ ናት ስትይኝ ዝም አልኩ።»

ሴኒያ እሳቱ የተቆፈረ መሬት ለመሸፈን የተለኮሰ ይሆናል ብላ የጠፉ ሰዎችን ለሚፈልጉት አመለከተች፤ ቆፋሪዎች ወጡ። ከበቀሉት ለጋ ጥዶች ሥር የአምስት ሰው አጥንት ተገኘ። አንደኛው፣ ሃይራ ለኔጃድ በሽቦ የጠገነችለትን የቀበቶ ማሰሪያ እንደታጠቀ ነበር።

ሃይራ ማሰሪያውን በቀሚሷ ጫፍ እየወለወለች እንዴት እንዳገኙት ጠየቀች። ሴኒያ ዋሽታ ማለፍ ትችል ነበር፤ ግን ሁሉንም ነገረቻት።

«ቅጠሏን መቼ ነው ያመጡልሽ?»

«የዛሬ ዐሥራ ሁለት ዓመት፣ እማ።»

«አባትሽ በሕይወት እያለ» አለች ሃይራ። ከዚያ በኋላ ስለ ቅጠሏ አንስታ አታውቅም።

በሙዚየሙ ደንብ የተሳሳተ ስም አይፋቅም፣ አይቀደድም። ትክክለኛው ስም ከጎኑ ይለጠፋል፤ ቀንና ፊርማ ይታከልበታል። ከቀብሩ ማግስት ሴኒያ አዲሱን ስም ጽፋ ከአሮጌው ጎን ለጠፈችው። ሁለቱም ላይ ያለው ፊርማ የእሷ ነው።