ዜሮ የጻፍኩባት ቀበሌ

ባለፈው ሰሞን ቡታጅራ ለስብሰባ ሄጄ፣ አንድ ወጣት ፖሊስ የወንጀል ካርታ ግድግዳ ላይ አብርቶ አሳየን። ቀይ ነጥብ የበዛበት ሠፈር ጥበቃ ይጨመርለታል፣ ነጥብ የሌለበት ይቀነስበታል። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ሲያስረዳም ያምርበታል። የእኔ ዓይን ግን ባዶው ቦታ ላይ ቀረ። እንዲህ ያለ ባዶ አንድ ጊዜ በገዛ እጄ ጽፌ አውቃለሁ።

ያኔ ገና ከኮሌጅ መውጣቴ ነበር። ከወልቂጤ ወጣ ብላ ባለች ትንሽ ከተማ፣ ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ፣ ከክስ መዝገቡ ቁጥር እየደመርኩ ሪፖርት አወጣ ነበር። በማስመሪያ የማሰምረው ሰንጠረዥ ማማሩ! ወደ ቸሃ በሚወስደው መንገድ ካሉት ቀበሌዎች አንዷ ዓመቱን ሙሉ አንድ ክስ እንኳ አልነበራትም። ዜሮ ጻፍኩና ከጎኑ "ሰላማዊ" ብዬ ጨመርኩበት። አለቃዬ ኢንስፔክተር ጌታሁን የጎንደር ሰው ናቸው፤ ሪፖርቴን አምነው የቀበሌዋ ሁለት ፖሊሶች ወደ መናኸሪያ እንዲዛወሩ ወሰኑ።

ወሬው በተሰማ ማግስት ወይዘሮ አስካለ የሚባሉ የዚያችው ቀበሌ ቅቤ ነጋዴ በሩን በርግደው ገቡ።

"ልጄን ለማን ትታችሁ ነው ፖሊሶቹን የምትወስዱት? ባለፈው የገበያ ዕለት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወንዙ ጋ ሊጠልፏት ሲጎትቷት ሰው ደርሶ ነው ያስጣላት!"

"ታዲያ ለምን አላመለከቱም?" አሉ ኢንስፔክተሩ።

"ነገሩን ሽማግሌ ይዞት? በሽማግሌ ላይ ፖሊስ ልጥራ እንዴ!"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ኢንስፔክተሩስ እንግዳ ናቸው። እኔ ግን የዚያው አገር፣ የጉንችሬ ልጅ፣ ሽማግሌ የያዘው ነገር ጣቢያ እንደማይደርስ እንዴት ጠፋኝ? መማር አደነቆረኝ ማለት ይኼ ነው!

በዚያው ሳምንት ነገሩን ከሽማግሌ አፍ ለመስማት ከኢንስፔክተሩ ጋር ወደ ቀበሌዋ ሄድን። ክረምቱ ወጥቷል፣ ጭቃው ግን ገና አልደረቀም። ከሚኒባስ ወርደን በእግር ተጓዝን፤ ጀፎሮው፣ ያ በቤቶቹ ፊት የተዘረጋው ሰፊ የሣር መንገድ፣ አረንጓዴ ሆኖ ዓይን ያጠግባል። የአገር ሽማግሌው አቶ ዘርጋ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ጠበቁን። ቆጮ በጎመንና በአይብ ቀረበልን፤ ሳንበላ ወሬ የለም። ከዚያ ደብተሬን አወጣሁ።

"ስም አትጽፊ ልጄ" አሉኝ አቶ ዘርጋ። "የታረቀ ሰው ስሙ አይነሳም። ቦታውንና ቀኑን ጻፊ።"

ዓይናቸውን ጨፈኑ። "የመስቀል ማግስት፣ ወንዙ ጋ፣ ገበያ ሲፈታ፣ ቅቤ ተቀማ። ገብሱን በረዶ የመታው ሳምንት፣ ወንዙ ጋ፣ ገበያ ሲፈታ፣ ሴት ልጅ ተጎተተች..."

እየጻፍኩ ገጽ ገለበጥኩ፣ ደግሜ ገለበጥኩ። ጉድ ነው! አንዴ እንኳ አልተደናቀፉም። ማመን አቅቶኝ ከመሃል አንዱን መልሼ ብጠይቃቸው፣ የዚያን ዕለት ዝናብ ከየት በኩል እንደመጣ ሳይቀር ነገሩኝ። ኢንስፔክተሩ ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠዋል። ከጻፍኩት አብዛኛው አንድ ቦታ ነበር፤ ያው ወንዝ፣ ያው ሰዓት።

ዜሮዬን ሰረዝኩ። ፖሊሶቹ እዚያው ቀበሌዋ ቀሩ፤ በገበያ ቀን ደግሞ ወንዙ ዳር እንዲቆሙ ተወሰነ። የወይዘሮ አስካለ ልጅ በዚያው መንገድ ተመላልሳ ትምህርቷን ጨረሰች።

ይህን ሁሉ ከስብሰባው በኋላ ለወጣቱ ፖሊስ ነገርኩት። በጥሞና ሰማኝ። ስንትና ስንት ሥልጠና ወስጃለሁ፣ ስንት ኮምፒውተር አይቻለሁ፤ እንደ እኚያ ሽማግሌ ያስገረመኝ ግን የለም። አንድ ነገር ብቻ አፍሬ ሳልነግረው ተለያየን። ያን ቀን ስንነሳ አቶ ዘርጋ፣ "ይኼ የአንዱ መንገድ ብቻ ነው፤ የሌሎቹን መንገዶች ስትመለሺ እነግርሻለሁ" ብለውኝ ነበር። እሺ አባባ አልኩ። ዛሬ ነገ ስል፣ ሳልመለስ እሳቸው ዐረፉ።