ጥጉ ያልጨለመው የሚስቴ ፎቶ

ዛሬ ከሚስቴ ጋር መንጌ ከተማ፣ አማቴን ልንጠይቅ ሄደን የሚስቴን የወጣትነት ፎቶ ከሳጥን አውጥተው አሳዩኝ።

እኔ ያነሳሁት አይደለም!

እንዴት አወቅህ ትሉኝ ይሆናል። አራቱም ጥግ ብሩህ ነው።

ክልሉ አዲስ በተቋቋመ ጊዜ አሶሳ ላይ ፎቶ ቤት ነበረኝ። የፎቶ ማጉያ ማሽኔ ብርሃን የሚሰበስበው ሌንስ ለትንሹ ፊልም ብቻ የተሠራ ነበር። ሰው የማነሳው ግን በትልቁ ፊልም ነበር፤ ከነጌቲቩ ፎቶ ሳጥብ ብርሃኑ መሃሉን እንጂ ዳሩን አያዳርስም፤ ጥግ ጥጉ ይጨልማል።

ከገበያው ማዶ የነበረው ሌላው ፎቶ አንሺ ተስፋዬ ግን ለየፊልሙ የሚሆን የተለያየ ሌንስ ነበረው፤ እየቀያየረ ያጥባል። (በዚያ ሌንስ ስንት ዓመት እንደቀናሁ እኔ ነኝ የማውቀው።)

"ሐዋ፣ ይሄን ማን አነሳሽ?"

"ተስፋዬ ነዋ።"

"ያኔ እኮ እጮኛዬ ነበርሽ! እጮኛሽ ፎቶ አንሺ ሆኖ?"

"ለእናቴ አዲሱን ቀሚሴን ላሳያት ፈልጌ ነዋ። አንተ ስታነሳኝ ጫፉ ጨለማ ውስጥ ይገባል።"

አማቴ ደግሞ እሳቱ ላይ ቤንዚን አርከፈከፉ፦ "ያንተ ፎቶ ጨለማ ብዙ ነው፣ ልጄ።"

ፎቶውን ደግሜ አየሁት። ጥርሷ ሁሉ እስኪታይ እየሳቀች ነው። ለእኔ ካሜራ አንድም ቀን እንዲህ ስቃ አታውቅም።

በቤቱ የተፎካካሪውን ሥራ ያገኘ ካለ እስቲ ይጻፍልኝ፤ ብቻዬን አልቃጠል። የጥጉንስ በሌንሱ አሳበብኩ። ሳቋን በምን ላሳብብ?