ከትምህርት ቤቱ በታች የተደረገው ጦርነት

ሞጣ ተመድቤ የሄድሁት በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ግድም ነው። ቢቸና ሳለሁ ታሪክ የተማርሁት በአርጩሜ ስለነበር፣ እኔ በጨዋታ ላስተምር ብዬ ተነሣሁ። አምስተኛ ክፍሎችን ከትምህርት ቤቱ በታች ወዳለው ሜዳ አወርዳቸውና እኩሌታውን አርበኛ፣ እኩሌታውን ጣልያን አደርጋቸዋለሁ። ጠመንጃቸው የበቆሎ አገዳ ነው። አንድ ሕግ ብቻ አለችን፦ የሞተ ሰው ፊሽካ ሳልነፋ አይነሣም።

ጣልያን መሆን የሚወድ አልነበረም። ያን ቀን የጣልያኖቹን አለቃነት የአንድ ሙስሊም ጨው ነጋዴ ልጅ እሺ ብሎ ተቀበለና የካርቶን ባርኔጣ ደፋ። ከቁጥቋጦ ሥር አድፍጦ የአርበኞቹን መሪ «ዷ!» አለው። መሪው ወደቀ። ጓደኞቹ ለካ ሳላውቅ የእርማት ቀይ ቀለሜን በውኃ በጥብጠው ይዘው ኖሯል፤ ደረቱ ላይ አፈሰሱበት። ከዚያ በነጠላ ተሸክመውት እያለቀሱ ወደ መንገዱ ወጡ።

ገበያ ነበርና እናቱ ከወንድሟ ጋር በዚያው መንገድ ትመጣለች። ልጇን ስታይ የያዘችው የቅቤ ቅል ከእጇ ወድቆ ተፈረከሰ።

«ልጄን! ልጄን!»

ላዩ ላይ ተደፋች። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ዝም። ፊሽካ አልተነፋማ!

አጎትየው ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ።

«ማን ነው የገደለው?»

አንዱ ድንክዬ ተማሪ ቀደም ብሎ፣ ጥያቄ እንደሚመልስ ሁሉ፣ «እሱ ነው! ጣልያኑ!» ብሎ ጠቆመ።

አጎትየው አቀባበለ።

ፊሽካዋ አፌ ውስጥ ነበረች። ብነፋ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። እንዴት እንደሮጥሁ አላውቅም፤ ብቻ ባለባርኔጣው ልጅ ፊት ቆሜ ራሴን አገኘሁት። በስንት መከራ ፊሽካዋ ጮኸች። ሬሳው ብድግ አለ።

«እማ፣ ምን ሆንሽ?»

እናቱ ደረቱን ዳበሰች፤ ጣቷን አሸተተች። በጥፊ አጮለችው፣ ወዲያው ደግሞ አቅፋ ሳመችው። አጎትየው መሬት ላይ ዘጭ አለ። ጥይቱን ከጠመንጃው ማውጣት አቃተው።

«መምህር፣ ያውጡልኝ» አለኝ።

እኔም ሁለት ሦስቴ ሞክሬ ነው ያወጣሁለት። ባለባርኔጣው ልጅ ከቆመበት ንቅንቅ አላለም፤ ቁምጣው ርሷል።

አመሻሹ ላይ አጎትየውን ይዤ ነጋዴው ቤት ሄድሁ። የሆነውን ሁሉ ነገርነው። ነጋዴው ልጁን ከጓዳ ጠርቶ አጠገቡ አቆመው። ኋላ፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ ቤቱ ገብቷል። ተቀመጡ» አለን። አጎትየው ግን አልቀመጥ ብሎ ልጁ ጉልበት ላይ ወደቀ። ልጁ ትልቅ ሰው እግሩ ላይ ሲወድቅ አይቶ አያውቅምና ደንግጦ ከአባቱ ጀርባ ሸሸ። ከዚያ በአባቱ ትከሻ በኩል ወደ እኔ አየና፦

«መምህር፣ ነገም ጣልያን እኔ ነኝ?» አለኝ።